ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት ለቀበና ዳገት

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ የ36 ዓመት ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ሰንጋ ተራ ነው፤ የምኖረው ቀበና በወላጆቼ ግቢ ውስጥ ከባለቤቴ፣ ከአራት ዓመት ልጄና ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናቴ ጋር ነው። የ2007 ሞዴል ቪትስ እነዳለሁ። የሥራ ጊዜውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የኤምባሲ ሠራተኛ የ2015 ሞዴል ቮልስዋገን ጎልፍ አር ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ሁለት ሊትር ባለ ተርቦ ሞተርና 300 የፈረስ ጉልበት አላት፤ አንዴ ነድቻት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቪትሷን ሸጬ ቁጠባዬን ስጨምርበት ለሚጠይቀኝ ዋጋ ይበቃል። ባለቤቴ ግን ‹ለዕለት ተዕለት መንዳት ምን ታደርግልሃለች?› ትለኛለች። ሻጩ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ቀብድ እንድሰጠው ጠይቆኛል። ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ? — ልቤ ሁለት የሆነብኝ፣ ከቀበና»

ውድ ጠያቂ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ያነበብሁት መልሱ ስለ ከበደኝ ሳይሆን፣ እኔም በእርስዎ ዕድሜ ይኸው ነገር አምሮኝ ስለ ነበር ነው። ሐሳቤን ላስቀድም። መኪናዋ ጥሩ መኪና ናት፤ ሽያጩ ግን ገና ያልጠራ ሽያጭ ነውና እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ቀብድ አይስጡ። ሽያጩ ቢጠራ እንኳ ቪትስዎን አስወጥታ የቤቱ ብቸኛ መኪና እንድትሆን አልመክርም።

ባለቤትዎ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን «ምንም» አይደለም። ጎልፍ አር ምንም ያህል ፈጣን ብትሆን በቅርጿ ያው ሃችባክ ናት፤ እንደ ቪትስዎ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ይከፈታል፣ የኋላ መቀመጫዋ ሲታጠፍም አንድ ኩንታል ጤፍ ያለ ጭቅጭቅ ይገባባታል። ባለ ሁለት በር ከሆኑ ዝቅ ያሉ የስፖርት መኪኖች የምትለየውም በዚህ ነው፤ ሕፃን ልጅን ከኋላ ለማስቀመጥ ወገብ መሰበር አያስፈልግም። ስለ እናትዎ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የዚህች መኪና የፊት መቀመጫዎች ነጂው በመታጠፊያ ላይ እንዳይንሸራተት ተብለው ጎናቸው ከፍ ብሎ የተሠሩ ናቸው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ያን ከፍታ ተሻግሮ ሲወጣ ይቸገራል። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲያደርሷቸው ቦታቸው ከኋላ መሆኑን ከአሁኑ ያስቡበት፤ እናትን ከኋላ ማስቀመጥ በእኛ ዘንድ ደግሞ እንዴት እንደሚታይ ያውቁታል።

ለመኪናዋ የሚገባትን ምስጋናም አልነፍጋትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ እዚሁ ሲደርስ ያጣል። ቪትስዎ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ማርሽ ወርዶላትም የምታለቅሰው ስለ አረጀች ብቻ አይደለም። ተርቦ ያለው ሞተር ግን የሳሳውን አየር ራሱ ጨምቆ ስለሚያስገባ ከዚህ ኪሳራ አብዛኛውን ያስቀራል፤ ተርቦው ለዚህ ሲል የበለጠ መሽከርከርና የበለጠ መሞቅ ግድ ቢሆንበትም። እንቅልፍ የነሣዎት ነገር እንግዲህ ቅዠት አልነበረም። በዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ባለ ተርቦ መኪና ተርቦ ከሌላት የምትለይበት ርቀት በባሕር ዳርቻ ከተሞች ከሚታየው የሰፋ ነው።

ጥያቄው ያ ጉልበት የት ቦታ እንደሚወጣ ነው። ጠዋት ከቀበና ተነሥተው በአራት ኪሎና በፒያሳ አልፈው፣ የቸርችልን ጎዳና ወርደው፣ በጥቁር አንበሳ በኩል ሰንጋ ተራ ይደርሳሉ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ በዚህ መስመር ላይ አስፋልቱ ጸድቷል፣ የእግረኛውና የብስክሌቱ መንገድም ሰፍቷል፤ የመኪናው ብዛት ግን ያው ነው፣ እንደ ድሮው ዳር ይዞ ማቆምም ቀርቷል። ጎልፍ አር ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚያስፈልጋት 5 ሴኮንድ ያህል ነው። እርስዎ በዚያ መስመር ላይ ከእነዚህ አምስት ሴኮንዶች ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚያገኙት ምናልባት ሌሊት ከለቅሶ ቤት ሲመለሱ ነው። ቅዳሜ ወደ አዳማ ቢወጡስ? በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነትም በሰዓት 120 ነው። ያቺ መኪና ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ወጥታ ለጥቂት ሴኮንዶች ትደሰታለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰማንያ ምናምን ኪሎ ሜትር እንደ ማንኛውም ጨዋ ኮሮላ ትሄዳለች።

ይህ ብቻ ቢሆን አይግዙ አልልዎትም ነበር፤ ሰው የማይጠቀምበትን ጉልበት መግዛቱ አዲስ ነገር አይደለም፣ ደስታም የራሱ ዋጋ አለው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መኪናዋ ከመሬት ጋር የምትገናኝበት ቦታ ነው። ነገ ሻጩ ዘንድ ሲሄዱ ጎንበስ ብለው የጎማውን ጎን ያንብቡ። 235/35 አር 19 የሚል ከሆነ የጎማው ስፋት 235 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከቸርኬው ጫፍ እስከ መሬት ያለው የጎማ ሥጋ ደግሞ የስፋቱ 35 በመቶ፣ ማለትም 82 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። የቪትስዎ ጎማ 165/70 አር 14 ከሆነ ይኸው ሥጋ 115 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ሁለት ጣት ያህል ነው፤ ግን ክረምት ላይ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ድንገት ሲገቡ ቸርኬውን ከመታጠፍ፣ ጎማውን ከመቀደድ የሚያድነው ያ ሁለት ጣት ነው። ደግሞም ለክብደትና ለቦታ ተብሎ መጠባበቂያ ጎማ የማይሰጣቸው እንዲህ ያሉ መኪኖች ብዙ ናቸው፤ በምትኩ ማጣበቂያ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ይቀመጣል። ፈሳሹ በምስማር የተበሳን ጎማ ያስኬዳል፤ ጎኑ የተቀደደን ጎማ ግን አያድንም፣ ጎሚስታውም አይጠግነውም። ያን መጠን ያለው ጎማ ደግሞ እንደ ቪትስ ጎማ በየሰፈሩ ተደርድሮ አይጠብቅዎትም። ስለዚህ የኋላውን ወለል ገልጠው በእርግጥ ምን እንዳለበት ይዩ።

ሁለተኛው የመሬት ጉዳይ ቁመቷ ነው። ጎልፍ አር ከተራው ጎልፍ በ20 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የተሠራች ናት። በአንድ ወገን የሰፈርዎ ኮብልስቶን መንገድ አለ፤ በሌላ ወገን የእኛ ብሬከሮች አሉ፣ አንዱ እንደ ትራስ ለስላሳ፣ ሌላው የአንድ ሰው አጥር መሠረት የሚመስል። በቃል ከምንከራከር አንድ ዘዴ ልንገርዎ። ሻጩን አስፈቅደው ከጎልፏ የፊት ፓራውልት ሥር እስከ መሬት ያለውን ቁመት በሜትር ይለኩ። ከዚያ ቤትዎ ገብተው ወፍራም ካርቶን ይቁረጡና የታችኛው ጠርዙ ከመሬት በዚያው ቁመት ልክ እንዲውል አድርገው ከቪትስዎ ፓራውልት ሥር በጥብቅ ይሰሩት፤ እንዲሁ አንድ ሳምንት ይንዱ። በግቢዎ በር መወጣጫ ላይ፣ በልጅዎ ትምህርት ቤት መግቢያ ላይ፣ በመሥሪያ ቤትዎ መኪና ማቆሚያ ቁልቁለት ላይ ካርቶኑ ስንት ጊዜ እንደ ታጠፈ ማታ ማታ ይቁጠሩ። የሁለቱ መኪኖች አፍንጫ እኩል ስለማይረዝም ውጤቱ ልክ አይሆንም፤ ነገር ግን ከእኔ ምክር የተሻለ እውነቱን ይነግርዎታል። ጎረቤት ቢስቅብዎ ችለው ያሳልፉት።

አሁን ወደ ካምቢዮው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የኔም ቁስል እዚህ ነው። አውቶማቲክ ከሆነች ካምቢዮዋ ሁለት ፍሪሲዮን ያለው ዓይነት ነው፤ አንደኛው ፍሪሲዮን ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ማርሾች (አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ)፣ ሁለተኛው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን (ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛ) ይይዛል፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ ማርሹ የሚቀየረው ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በክፍት መንገድ ላይ ድንቅ ነገር ነው። በመጨናነቅ ውስጥ ግን ፍሪሲዮኑ እንደ ሰነፍ ሹፌር እግር ግማሽ ይዞ ግማሽ ለቆ መኪናዋን በእንፉቅቅ ያስኬዳታል፣ በዚህም ይሞቃል፣ ይበላል። በዘይት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ሙቀቱን ይችላል፤ ነገር ግን ዘይቱና ማጣሪያው በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፣ ዘይቱም ለዚያ ካምቢዮ የተሠራው ብቻ ነው። አራቱን ጎማ የሚያስነዳው የኋላ መጋጠሚያም በየሦስት ዓመቱ የሚቀየር የራሱ ዘይት አለው።

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ እኔም እንዲህ ያለ ካምቢዮ ያላት ያገለገለች መኪና ነበረችኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ የተለመደውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሞላልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስትቀይር ከኋላዋ ሰው የገጨኝ ይመስል ትወረውረኝ ጀመር። ስሕተቱ እስኪታወቅ ሦስት መካኒክ ለዋወጥሁ፤ የሚተካው ዕቃ ከዱባይ እስኪመጣ መኪናዋ አራት ወር ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ጎጆ ልታደርጋት ምንም አልቀራትም ነበር። በእነዚያ አራት ወራት የባለቤቴን ወንድም ቪትስ እየለመንሁ ነዳሁ። ቪትስዎን አይሽጡ የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ለቪትስ ሱማሌ ተራ ቢሄዱ ከኩሽኔታ እስከ በር እጀታ ሁሉ በዕለቱ ይገኛል፤ ለጎልፍ አር ግን ዕቃው በትእዛዝ፣ በውጭ ምንዛሪ ዋጋ ይመጣል። ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ መሆኑን፣ መለዋወጫውም ያንኑ ተከትሎ መውጣቱን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ሰው ሁሉ የሚፈራላት የነዳጁ ነገር ግን ከተፈራው ያነሰ ነው። በወር 650 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ እንበል። በመጨናነቅ ውስጥ ይህች መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ያህል ብትጠጣ 84 ሊትር ተኩል ይሆናል፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሒሳብ ወደ 8,570 ብር ነው። ቪትስ በ7 ሊትር ብትሄድ ወደ 4,620 ብር ይወጣባታል። ዋጋው ከዚያ ወዲህም ስለ ጨመረ ልዩነቱን ዛሬ በሚከፍሉት ያስሉት፤ ያም ሆኖ አንድ የተቀደደ ጎማ የብዙ ወር የነዳጅ ልዩነትን በአንድ ቀን ይበላል። ከዋጋው ይልቅ ዓይነቱን ያስቡ፦ አምራቹ ለዚህች ሞተር የሚመክረው 98 ኦክታን ቤንዚን ነው (ኦክታን ቤንዚኑ ሲጨመቅ ያለ ጊዜው እንዳይቀጣጠል የሚቋቋምበት መጠን ነው)፤ በእኛ ማደያ ደግሞ እንደ አውሮፓ 95 ወይስ 98 ተብሎ ተመርጦ አይቀዳም። ሞተሯ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሲቀጣጠል የሚፈጠረው መንኳኳት ሲሰማት እሳት የምታስነሣበትን ጊዜ ስለምታዘገይ ወዲያው አትበላሽም፤ የከፈሉበትን 300 የፈረስ ጉልበት ግን ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አያገኙትም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቢታለፍ እንኳ ቀብድ አይስጡ ያልሁበት ዋና ምክንያት ታርጋዋ ነው። ሻጩ የኤምባሲ ሠራተኛ ከሆነ መኪናዋ በዲፕሎማት መብት ከቀረጥ ነፃ ገብታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ መከፈል አለበት። በእኔ አስተያየት ትልቁ አደጋ እዚህ ነው፦ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ ሞተር ያለውን አውቶሞቢል አዲስ ሆኖ ሳለ 100 በመቶ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለውን ደግሞ እስከ 500 በመቶ እንዲከፈልበት አድርጎ ነበር። የእርስዎ መኪና ሁለት ሊትር፣ ማለትም 2,000 ሲሲ ያህል ናት፣ ሰባት ዓመትም አልፏታል። በዚህ ላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ አለ። ሻጩ የነገረዎት ዋጋ የእርሱ ድርሻ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የቀረው ዕዳ በሊብሬው ጀርባ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተር ቁጥሩንና የገባችበትን ሰነድ ቅጂ ይዘው ጉምሩክ ኮሚሽን ይሂዱ፤ በእርስዎ ስም መዞር ትችል እንደሆነና የሚከፈለው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። «የማውቀው ሰው አለ፣ እጨርስልዎታለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ቡናውን ጋብዘው ይሸኙት።

ሻጩ መልሱ እስኪመጣ መጠበቅ አልችልም ካለ ለሌላ ይሽጥ። ደግሞም በዚህ ከተማ እንዲህ ያለች መኪና በሳምንት ውስጥ የሚገዛ ሰው ብዙ አይደለም፤ ይኸው ነገር ነገ እርስዎ ሻጭ ሲሆኑ እንደሚመለስብዎትም አይርሱ። ቪትስ ጠዋት ቢለጠፍ ማታ ገዢ ያገኛል።

የኤሌክትሪክ ሃችባክን ነገር አላነሡም፣ እኔ ግን ሳላነሣ ባልፍ ያጎደልሁብዎት ይመስለኛል። እንደ ቢዋይዲ ዶልፊን ያለች መኪና ከ300 የፈረስ ጉልበት ጋር አትወዳደርም፣ ያ የሞተር ድምፅም የላትም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ የከተማችን ከፍታ አይነካውም፤ ጉልበቱን ከመነሻው ስለሚሰጥም የአራት ኪሎ መብራት አረንጓዴ ሲሆን በሚያገኙት ሠላሳ ሜትር ላይ ከሚፈልጉት ስሜት ብዙውን ይሰጥዎታል። ካምቢዮ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ የማደያ ሰልፍ የለ። እርስዎ ደግሞ የራስዎ ግቢ ስላለዎት ሌሊት መሙላት ይችላሉ፤ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ቢጠይቀኝ እንዲህ ደፍሬ አልናገርም ነበር። አንዷን ለአንድ ጠዋት ይዋሱና በራስዎ መስመር ይንዷት። ካልወደዷት አልወደዷትም፤ ልብ የቆመበትን ነገር በሒሳብ ማስለወጥ እንደማይቻል አውቃለሁ።

ጉምሩክ መልካም መልስ ቢሰጥዎት፣ ካርቶኑም ብዙ ባይታጠፍ፣ ቪትሱንም ሳይሸጡ ገንዘቡ ቢሞላ፣ ያን ጊዜ ጎልፏን በሚገባ ይፈትኗት። ሌሊቱን ያደረች ቀዝቃዛ ሞተር ጠዋት ራስዎ ያስነሡ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ከአንድ የተጫነ አይሱዙ ኋላ ሆነው በእርሱ እርምጃ ይውጡ፤ እግርዎን ከፍሬኑ እያነሡ ሲያስከትሏት ብትንቀጠቀጥ ወይም ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትገባ ብትመታ ካምቢዮዋ ታሟል። የካምቢዮ ዘይቱ በስንት ኪሎ ሜትር እንደ ተቀየረ ወረቀት ይጠይቁ፤ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። ባለ 19 ኢንች ቸርኬ ከተገጠመላት ፍሬኗ የሚፈቅደውን አነስተኛ ቸርኬና ሥጋው ወፈር ያለ ጎማ ለመግጠም የሚያስወጣውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። እናትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ከፊትም ከኋላም ገብተው ይውጡና የሚመቻቸውን ራሳቸው ይንገሩዎት።